አለቃ በር ላይ አይቀመጥም

አንዷለም ከስዊች ጋር ተጣልቶ አረፈው። ሰው ከወሰንተኛው ይጣላል፣ ከሰነፍ በሬው ይጣላል፤ ከስዊች ጋር የተጣላ ግን በመንዝ ምድር እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ስዊች ማለት ያው ኮምፒውተሮች በገመድ የሚገናኙበት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ይሄኛው ሃያ አራት ቀዳዳ ተደርድሮበታል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ባንክ «አርጅቶብኛል» ብሎ፣ ከሦስት ሰርቨርና ቁም ሣጥን ከሚያህል የመረጃ ማከማቻ ጋር፣ ዘመሮ ላለው ለአምባው ኮሌጅ የለገሰው ነው። ኮሌጁ ዕቃውን በእልልታ ተቀበለና «ማን ያስነሳዋል?» ሲባል ሁሉም ወደ መሬት አየ። በመጨረሻ አንዷለም ከአዲስ አበባ ተጠራ። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ከዘመሮ አንድ ቁልቁለት ወረድ ብሎ ተወልዶ፣ ሸገር ገብቶ፣ የትልልቅ ድርጅት ሰርቨር እየጠጋገነ የሚያድር። በሰው ሥራ ሁሉ ይቀልዳል፤ በእሱ ሥራ ሲቀለድበት ግን ያኮርፋል።

ጥድፊያው የመጣው በፈተና ነው። ኮሌጁ የዘንድሮ ተመራቂዎቹን እዚሁ በኮምፒውተር ሊፈትን አስፈቅዷል። ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ሸዋረጋ ከደብረ ብርሃን መጥተው፣ የሙከራው ፈተና ሲከፈት በዓይናቸው ካላዩ ግን ፈተናው ወደ ደብረ ብርሃን ይዛወራል። ለሌላው ተማሪ ይሄ የአውቶቡስ ጣጣ ነው። ለአንዷለም እህት ለሰርካለም ግን የትምህርቷ ማብቂያ ነው። አባታቸው አቶ ወልደ ጻድቅ «እዚህ ከሆነ ትፈተን። ደብረ ብርሃን ከሆነ እዚሁ ትቅር፤ ዘመድ በሌለበት አገር ሴት ልጅ አልሰድም» ብለዋል። እሳቸው ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው፤ ንስሐ አባታቸውም አይመልሷቸውም።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ዘመሮ ገብተው አድረዋል። ጠዋት ሻይ ሲጠጡ «ከምሳ በፊት አየዋለሁ» ብለዋል።

እናም አንዷለም የድሮ ዕቃ ቤት በነበረችው ክፍል ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በብርድ የደረቁ ጣቶቹን እየነፋ ስዊቹን ያናግራል። ይጽፋል፣ ያያል። ይጽፋል፣ ያያል። መልሱ አንድ ነው። ማከማቻው ጋር የደረሰ ሰርቨር፣ ዜሮ።

«ዜሮማ የሒሳብ አስተማሪዬም አልነፈገኝም» አለ ለራሱ። «አንተን ለዜሮ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁልህ?»

በሩ ተንኳኳና ጋሽ ገሠሠ ገቡ። የኮሌጁ ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ የቅጥር ግቢው ቁልፍ ሁሉ ወገባቸው ላይ ስለተንጠለጠለ ሳይታዩ ይሰማሉ። ዘመሮ ግን የሚያውቃቸው በአጋፋሪነታቸው ነው። ሠርግ ቢሆን፣ ተዝካር ቢሆን፣ የማኅበር ድግስ ቢሆን በር ላይ ቆመው ማን የት እንደሚቀመጥ የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው። ካህኑን ከወዴት፣ ሽማግሌውን ከወዴት፣ አማቹን ከወዴት እንደሚያስቀምጡ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም ይባላል። አንድ ሹም ሰተት ብሎ ገብቶ ላይኛው ወንበር ላይ ጉብ ሲል፣ «ልጄ፣ እሱ ወንበር ጢም ያወጣ ሰው ይጠብቃል» ብለው በትህትና አስነስተውታል።

«እህ፣ አንዱ። ነቃልህ?»

«አልነቃም ጋሼ።»

«ይሄን ሁሉ እየጎረጎርከው?»

«እየጎረጎርኩት።»

«ምናልባት መጎርጎር አይወድ ይሆናላ። በቅሎም እንዲሁ ናት።»

አንዷለም ጥርሱን ነከሰ። ከጋሽ ገሠሠ ጋር መከራከር እንደማይቻል ከልጅነቱ ያውቃል። ለነገሩ ትናንት ከሰዓት በደንብ ተግባብተው ነበር። ገመዶቹን ሰካክቶ ሲጨርስ ጋሽ ገሠሠ «ለመሆኑ ይሄ ብረት ሥራው ምንድን ነው?» ብለውት፣ እሱም ሲጠይቁት ደስ ስለሚለው ተቀምጦ አስረድቷቸው ነበር።

«ድግስ ነው ይበሉ ጋሼ» ነበር ያላቸው። «ማከማቻው አለቃው ነው፤ ምግቡ ሁሉ ያለው እሱ ጋ ነው። ሦስቱ ሰርቨሮች እንግዶች ናቸው፤ የራሳቸው ስንቅ የላቸውም። ስዊቹ ደግሞ እንደ እርስዎ አጋፋሪ ነው። እንግዳው ‹አለቃ አለህ ወይ› ብሎ ይጣራል። አለቃው ‹አለሁ› ይላል። እንግዳው ‹አስገባኝ› ይላል፤ አለቃው ስም ያወጣለታል። አጋፋሪው ይሄን ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል። ከዚያ በኋላ አለቃው ያወጣለትን ስም ካልያዘ ማንንም አያሳልፍም።»

«ጆሮ ጠቢ ነው በለኛ።»

«ስሙም እሱው ነው። ስኑፒንግ ይሉታል፤ ጆሮ ጠቢነት ማለት ነው።»

ጋሽ ገሠሠ ነገሩ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕቃው ከተደረደረበት የብረት መደርደሪያ ኋላ ተጠማዝዘው ገብተውም ቀዳዳዎቹን አዩ፤ ስዊቹ የተሰቀለው ገመዶቹ ወደ ግድግዳ እንዲዞሩ ተደርጎ ነውና። «አለቃው የቱ ጋ ነው የተቀመጠው?» አሉ።

«መጨረሻዋ ላይ። ሃያ አራተኛዋ።»

«በር ጥግ?»

«አዎ፣ እሷ ለገመዱ ትቀርባለች።»

ጋሽ ገሠሠ «እንዲያ ነው?» ብለው ቀዳዳዋን ደግመው አዩ። ወዲያው መብራት ጠፋ። አንዷለም ያስተካከለውን ሳይሞክረው፣ የጀመረውንም ማስረዳት ሳይጨርስ ክፍሉ ተቆለፈ፤ ቁልፉም ከጋሽ ገሠሠ ወገብ ጋር ወደ ቤቱ ሄደ።

ዛሬ ታዲያ ያ ሁሉ መግባባት ጭስ ሆኗል። አንዷለም ያዘዘውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች መረመረ። ጆሮ ጠቢነቱ በርቷል። ከሰርቨር እስከ ማከማቻ ያለው መንገድ ተከፍቷል። አለቃው የሚቀመጥባት ቀዳዳ ሃያ አራተኛዋ መሆኗም ተጽፏል፤ ቀዳዳዋም ላይ ገመድ እንዳለ፣ ነፍስም እንዳላት ላፕቶፑ ያሳያል። ሁሉም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ የማይሠራ ነገር ደግሞ ሰውን ከሚያሳብዱት አንዱ ነው፤ ጥፋት ቢኖረው እኮ ይሰድቡት ነበር።

ቀጥሎ ሁለተኛዋ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያልፈውን ወሬ እንዲያሳየው ስዊቹን አዘዘው። አሳየው። ሰርቨሩ «አለቃ አለህ ወይ» ይላል። ዝም። እንደገና «አለቃ አለህ ወይ» ይላል። ዝም። ምስኪን፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የጠፋ በግ እንደሚጣራ ሰው ድምፁ እስኪሻክር ይጣራል።

«አለቃው ነው የሞተው» አለ አንዷለም።

«ማን ሞተ?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«ማከማቻው።»

«ኧረ ተው። አሁን ሲያጓራ እየሰማሁት?»

ማከማቻውን አጥፍቶ አስነሳው። ማከማቻው ለመነሳት እንደ ሰነፍ ሙሽራ ነው፤ መጀመሪያ አጓራ፣ ከዚያ አፏጨ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ እንደገና አጓራ። አንዷለም ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀው። ተነሳ። ዜሮ።

አዲስ አበባ ላለችው የሥራ ባልደረባው ለመቅደላዊት ደወለ። የሆነውን ሁሉ ተናገረላት፤ እሷም እስኪጨርስ ሰማችውና «ገመዱን አይተኸዋል?» አለችው።

«መቅዲ፣ ራሴ ነኝ የሰካሁት።»

«መስካትህን መች ጠየቅኩህ? ማየትህን ነው።»

«የትናንት ጀማሪ ነኝ እንዴ ገመድ አይተኸዋል የምትዪኝ?»

«እሺ ጌታዬ። የትናንት ጀማሪ ስትሆን ደውልልኝ» ብላ ዘጋችበት።

ስልኩ ከእጁ ሳይወርድ ሰርካለም ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነው?»

«እየሠራሁ ነው ሰርኬ።»

«አባባ ‹ምን አለ?› ይለኛል።»

«እየሠራ ነው በይው።»

ከበስተኋላዋ የአቶ ወልደ ጻድቅ ድምፅ ተሰማ። «እየሠራ ነው ማለት አልሠራም ማለት ነው። ደብተሯን ትሰብስብ።»

«ሰማኸው?» አለች ሰርካለም፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ሰማሁት። ምንም አትሰብስቢ።»

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የወይዘሮ ሸዋረጋ ጫማ ቀጭ ቀጭ አለ። አንገታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው ላፕቶፑን፣ ማከማቻውን፣ በመጨረሻም አንዷለምን አዩ። «ልጄ፣ ተማሪዎቹን የሙከራ ክፍል አስገብቻቸዋለሁ። ኮምፒውተሮቹ ባዶ ሰሌዳ ነው የሚያሳዩት። የመመለሻ መኪናዬ ደግሞ ከምሳ በኋላ አትጠብቀኝም።»

«ደርሷል እትዬ።»

«የደረሰ ነገር ባዶ ሰሌዳ ያሳያል እንዴ?» ብለው ሄዱ።

ጋሽ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የምልህ አንዱ፣ ለምን ትንሽ አረፍ አታደርገውም? ከሩቅ አገር ነው የመጣው፤ ከፍታው ይዞት ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ይለፉኝ።»

«ብርዱም ቢሆን...»

«ጋሼ፣ በመድኃኔዓለም።»

ለማብረጃ ስድብ ፈለገ፤ ለሽማግሌ የሚሆን ስድብ ግን አልተፈጠረም። በንዴቱ በሥራው ዓለም የማይደረገውን አደረገ። አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ቀዳዳ ማለቱን ትቶ ስዊቹን «የሁሉንም ወሬ አሳየኝ» አለው። ስዊቹም አሳየው። ገበያ ቀን እንደተለቀቀ የበግ መንጋ ጽሑፉ እየተገፋፋ ወረደ፤ ዓይን አይከተለውም። አንዷለም አቆመው፣ ወደ ላይ መለሰው፣ እየዘለለ አነበበው። «አለቃ አለህ ወይ»፣ ከሁለተኛዋ። «አለቃ አለህ ወይ»፣ ከሦስተኛዋ። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ጣቱ ቆመ።

«አለቃው እኔ ነኝ፣ አለሁ» ይላል። የመጣው ከአንደኛዋ ቀዳዳ ነው። አጠገቡ ስዊቹ የፈረደበት ፍርድ ተጽፏል፦ ተጥሏል።

ዝቅ ብሎ አነበበ። «አለሁ»፣ ከአንደኛዋ፣ ተጥሏል። «አለሁ»፣ ከአንደኛዋ፣ ተጥሏል። ምስኪኑ አለቃ ከጠዋት ጀምሮ አለሁ አለሁ ሲል፣ ስዊቹ እንደ ሌባ እያንጠለጠለ ወደ ውጭ ሲወረውረው ነው የዋለው። ስዊቹ ምን ያድርግ? አለቃ ማለት በሃያ አራተኛዋ የሚመጣ ነው ተብሎ ተነግሮታል። በእንግዳ ቀዳዳ መጥቶ አለቃ ነኝ የሚል ሁሉ ለእሱ አስመሳይ ነው። እንዲያውም ጆሮ ጠቢ ያስፈለገው ለዚሁ ነው።

አንዷለም ተነሳ። ሆዱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣ ደረቱን ከግድግዳው እያሸ ከመደርደሪያው ኋላ ገባ፤ የስልኩን መብራት አበራ።

የትናንቶቹ ገመዶች አልነበሩም። ማለት እነሱው ናቸው፣ ግን እንደ ሙሽራ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ በጥቁር የበግ ጠጉር ክር እየተቋጠሩ፣ ሳይዛነፉ ወርደዋል። የማከማቻው ወፍራም ገመድ አንደኛዋ ቀዳዳ ላይ ተንሰራፍቷል። ሦስቱ ሰርቨሮች ጠጋ ጠጋ ብለው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ላይ ተደርድረዋል። ሃያ አራተኛዋ ላይ፣ ስዊቹ ከጠዋት ጀምሮ የአለቃ ክብር ሲሰጣት የዋለችው፣ የጽሕፈት ቤቱ ፕሪንተር ናት።

አንዷለም እዚያው ግድግዳና ብረት መካከል ተጣብቆ ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳረፈ።

«ጋሽ ገሠሠ» አለ።

«አቤት።»

«ገመዱን ነክተውታል?»

«አልነካሁትም። አስተካከልኩት እንጂ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ማለዳ፣ አንተ ሳትመጣ። ሲያሳፍረኝ አደረ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ምኑ ነው ያሳፈረዎት?»

ጋሽ ገሠሠ ይሄ ልጅ እውነት አልገባውም ወይስ ያሾፋል በሚል ዓይን መደርደሪያውን አዩት። «አለቃው ነው አላልከኝም? ምግቡ ሁሉ እሱ ጋ ነው አላልከኝም? ታዲያ አለቃን ከእንግዶቹ ሁሉ በታች፣ በር ጥግ ታስቀምጠዋለህ? ፕሪንተር ከላይ ተቀምጣ? ነገ ሰው ቢያየው ‹ገሠሠ ባለበት ቤት› አይልም? እንግዶቹን ጠጋ ጠጋ አድርጌ ቦታውን ሰጠሁት። አለቃ በር ላይ አይቀመጥም።»

«ጋሼ፣ ስዊቹ እኮ አለቃውን በሃያ አራተኛዋ ነው የሚጠብቀው። በሌላ ከመጣ አስመሳይ ነው ብሎ ይጥለዋል።»

«ይሄንን መቼ ነገርከኝ?»

አንዷለም ትናንትን አሰበ። እውነትም አልነገራቸውም፤ መብራት ጠፍቶ ነበር።

«ደግሞስ» አሉ ጋሽ ገሠሠ እየጠነከሩ፣ «አለቃውን በመልኩ የማያውቅ አጋፋሪ ምን አጋፋሪ ይባላል? እኔ አለቃን ገበያ መሃል ባገኘው አላውቀውም?»

«እሱ የሚያውቀው ወንበሩን ነው።»

«እንዲህ ያለ አጋፋሪማ የሹም ዘመዶች ናቸው የሚቀጥሩት።»

አንዷለም ገመዶቹን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ሞከረ። የጋሽ ገሠሠ ቋጠሮ ግን ጭነት የሚያሰሩበት ቋጠሮ ነው፤ ሲጎትቱት ይበልጥ ይጠብቃል። በጥርሱ ሞከረ። አፉ የበግ ጠጉር ሞላ። ከበስተኋላው «ከላይ ወንበር የተነሳ ሰው ድግሱን ረግጦ ይወጣል፤ እኔ የለሁበትም» የሚል ድምፅ ይሰማዋል።

ተፋውና ወጣ። ቋጠሮ ከሚፈታ ስዊቹን ማስተማር ይቀላል። ላፕቶፑን አንስቶ «ከእንግዲህ አለቃው የሚመጣው በአንደኛዋ ነው» ብሎ አዘዘ፤ ሃያ አራተኛዋን ከአለቅነት ሻረ።

ስዊቹ ትንሽ አሰበ። አንድ። ሁለት።

ሁለት ላይ ቆመ።

«ሦስት ነበሩ» አሉ ጋሽ ገሠሠ ከትከሻው በላይ እያዩ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አንዱ እንግዳ ውጭ ቀርቷል።»

«አውቃለሁ።»

«የቱ ነው?»

ጥያቄው ልክ ነበር። ውጭ የቀረው ሦስተኛው ሰርቨር ነው፤ ጠጋ ሲደረግ አራተኛዋ ቀዳዳ ላይ የደረሰው። አራተኛዋ ደግሞ ትናንት ለፕሪንተር ተብላ የተዘጋጀች ናት፤ ወደ ማከማቻው የሚወስደው መንገድ አልተከፈተላትም። እንግዳውን ጓዳ ውስጥ ዘግተውበት ነው። ፈተናውን ከማከማቻው እያወጣ ለተማሪዎቹ የሚያቀርበው ደግሞ ይኸው ሰርቨር ነው፤ የከፋ ዕድል ሲፈልግ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ለአራተኛዋም መንገዱን ከፈተላት።

ሦስት።

ኮሪደሩ ማዶ ካለው የሙከራ ክፍል መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የአንድ ልጅ «ከፈተ፣ ከፈተ» ተሰማ። አንዷለም ጋቢውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መደሰት ነበረበት፤ የታየው ግን ለመቅደላዊት ምን ብሎ እንደሚደውልላት ነው።

ወይዘሮ ሸዋረጋ መጡ። «አየሁት፣ ሠርቷል» አሉ። «አሁን ደግሞ ምን ሆኖ እንደነበር ንገሩኝ። ተማሪው ተቀምጦ እያለ ቢደገም የምጠየቀው እኔ ነኝ። ምክንያቱን ሳላውቅ አልፈቅድም።»

አንዷለም ጋሽ ገሠሠን አየ። ልጅ ሆኖ ዶሮ ሰርቆ ሲያዝ ያላቀቁት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌን በእንግዳ ፊት አሳልፎ መስጠት በዚህ አገር አይለመድም። «እኔ ነኝ» ማለትም አለ፤ ያቺን ግን በገዛ ሥራው ላይ ሊላት አልወደደም።

«ያው... ገመድ ተዛንፎ ነው እትዬ» አለ።

«አልተዛነፈም» አሉ ጋሽ ገሠሠ ተቆጥተው። «ማን ያዛንፈዋል? እኔ ነኝ በወጉ የደረደርኩት። ከፈለጉ ይግቡና ይዩት፤ አንድ ክር የላላ የለም።»

«እርስዎ ነዎት የነኩት?»

«አለቃውን በር ጥግ አስቀምጦት አገኘሁት። ምን ላድርግ?»

ወይዘሮ ሸዋረጋ አንዴ መደርደሪያውን፣ አንዴ ጋሽ ገሠሠን አዩ። አንዷለም የእህቱ ደብተር ሲሰበሰብ ታየው። ተቆጣጣሪዋ በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ማሽኑ ካልተበላሸ የሚያስፈራኝ እጅ ብቻ ነው» አሉ። «እጅ ደግሞ በቁልፍ ይመለሳል። ፈተናው እዚሁ ይሁን። የዚህን ክፍል ቁልፍ ግን ይዤው እሄዳለሁ፤ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ እኔ ጋ ይሆናል።»

«የእኔ ቁልፍ?»

«የዚህ ክፍል ብቻ ጋሼ።»

ጋሽ ገሠሠ ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ብዙ ታገሉ። ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ ከአንዷለም ጋር አልተነጋገሩም፤ ሲወጡ ብቻ ዞር ብለው «ያኔ ከዶሮዋ ጋር ሲይዙህ ባላላቅቅህ ይሻለኝ ነበር» አሉት።

አንዷለም ግቢው ውስጥ ፀሐይ ያለበት ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠና ወደ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሱት አቶ ወልደ ጻድቅ ናቸው።

«አባባ፣ ፈተናው እዚሁ ነው። ተፈቀደ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠዋት ምን ነክቶት ነው ታዲያ እምቢ ያለው?»

ነገራቸው። ሳይቀባባ፣ ከትናንቱ ድግስ እስከ ፕሪንተሯ ነገራቸው፤ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያዝንለት ፈልጎ ነው። አቶ ወልደ ጻድቅ አዳምጠው ሲያበቁ ተነፈሱ።

«አለቃውን በር ጥግ አስቀምጠኸው ነበር?»

«አባባ፣ ብረት ነው እኮ።»

«ብረትም ቢሆን። ገሠሠ ታዲያ ምን አጠፋ?»

አንዷለም ስልኩን ከጆሮው አራቀው፤ ሰማዩን አየ፤ መልሶ ለጠፈው። እስከዚያ ድረስ ስልኩን ሰርካለም ነጥቃለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ልድረስ?»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። መታወቂያሽን ያዢ።»

«እሺ። አባባ ግን ‹አለቃን በር ጥግ!› እያለ እየጮኸ ነው። ምን ልበለው?»

«ደብረ ብርሃን አልሄድም በይው። ሌላውን ስመጣ ይቆጣኝ።»